ጫጩቷ መጀመሪያ ያየችው፦ በልጅነት ስለሚቀረጽ የእንስሳት ጠባይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡችላ የገዛ፣ ጫጩት ያስፈለፈለ፣ እናቱ የሞተችበትን ጥጃ በጡጦ ያሳደገ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ይህ ጠባይ አብሮት የተወለደ ነው ወይስ እኔ ያስለመድኩት?» ብዙ ጊዜ ማንም ያስለመደው የለም፤ አብሮትም አልተወለደም። እንስሳው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ያየው፣ የሰማው፣ ያሸተተውና የዳሰሰው ነገር ሳይታወቅ ያበጀው ጠባይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጫጩት መጀመሪያ ያየችውን ሁሉ እናቴ ብላ ትከተላለች የሚባለው እውነት ነው?

«ሁሉ» የምትለዋ ቃል ትውጣና እውነት ነው። ጫጩቶች፣ የዳክዬና የዝይ ልጆች ከተፈለፈሉ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት በአጠገባቸው የሚንቀሳቀስ ጎላ ያለ ነገር ካገኙ ይከተሉታል። እየቆዩ ሲሄዱ ያንኑ ነገር ከሌላው ለይተው ይይዛሉ፤ ሌላውን ይሸሻሉ። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ በ1935 ባሳተመው ጥናት ለዚህ ነገር የሰጠው የጀርመንኛ ስም ሳንቲም ላይ መልክ ከመምታት ሥራ የተወሰደ ነው። እኔ እዚህ «ማኅተም» እለዋለሁ። ሎሬንዝ ሜዳ ላይ ሲሄድ ከኋላው ተሰልፈው የሚከተሉት የዝይ ልጆች ፎቶግራፍ ብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው፤ በ1973 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሲካፈልም የእነዚያ ዝይዎች ድርሻ ቀላል አልነበረም።

ነገሩን ቀድሞ ያየው ግን ዳግላስ ስፖልዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ስፖልዲንግ በ1873 ባወጣው ጽሑፍ ጫጩቶችን ዓይናቸው ብርሃን ሳያይ በቆብ ሸፍኖ እንዳቆየ ይናገራል። ቆቡ ቀደም ብሎ የተነሣላቸው ወደ እርሱ ሮጠው ይመጡ ነበር። አራት ቀን ሊሞላቸው ሲል የተነሣላቸው ደግሞ ገና ሲያዩት በድንጋጤ ሸሹት። ያው ጫጩት፣ ያው ሰው፤ ልዩነቱ የአንድ ቀን መዘግየት ብቻ ነበር። በኋላ ኤክሃርድ ሄስ የዳክዬ ልጆችን በሰዓት ለክቶ፣ ማኅተሙ አጥብቆ የሚይዘው ከተፈለፈሉ ከ13 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሆነ አሳየ።

«ሁሉ» የምትለዋ ቃል ለምን ትወጣለች? ጫጩቷ ባዶ ሰሌዳ ይዛ ስለማትመጣ ነው። በካምብሪጅ በተደረጉ ሙከራዎች በጨለማ የተፈለፈሉና ምንም ያላዩ ጫጩቶች ከቀይ ሣጥንና በገለባ ከተሞላች ዶሮ መካከል እንዲመርጡ ሲደረግ ወደ ዶሮዋ አዘነበሉ፤ ራስና አንገት ያለው ነገር ይስባቸዋል። ስለዚህ ተፈጥሮ «ወደዚያ ተመልከቺ» ትላታለች፤ እዚያ የቆመችው የትኛዋ ዶሮ እንደሆነች ግን ጫጩቷ ራሷ አይታ ትለያለች።

የሚከተሉት ጥሬ ስለሚሰጣቸው አይደለም?

አይደለም። አንድም ጥሬ ያልሰጣቸውን ሣጥን፣ ኳስ ወይም ቡትስ ጫማ ይከተላሉ። ምግብና ሙቀት ቁርኝቱን ያጠብቁታል እንጂ አይጀምሩትም።

ጫጩት ሲያድግ ይረሳው የለም ወይ? ከአዋቂ ጠባይ ጋር ምን አገናኘው?

መከተሉ በርግጥ ይቀራል። የማይቀረው «የእኔ ወገን ማን ነው?» የሚለው መልስ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው እንስሳው ለጥንድ ሲደርስ ነው።

በ1998 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ሙከራ እዚህ ላይ ከማውቃቸው ሁሉ ይልቅ ግልጽ ነው። ተመራማሪዎቹ አዲስ የተወለዱ የበግ ግልገሎችን ለፍየሎች፣ የፍየል ግልገሎችን ደግሞ ለበጎች አሳደጓቸው። በእኛ አገር በጉና ፍየሉ በአንድ በረት አድረው፣ በአንድ እረኛ ተነድተው የሚውሉ በመሆናቸው ነገሩ ቀላል ይመስል ይሆናል፤ ግልገሎቹ ግን ዓይን ከገለጡ ጀምሮ ያዩት የእናት ፊት የሌላ ዘር ፊት ነበር። ወንዶቹ ለአቅመ ጥቂ ሲደርሱ የፈለጉት የአሳዳጊ እናታቸውን ዘር ሴቶች ነው፤ አውራው በግ ፍየል፣ አውራው ፍየል በግ ማለት ነው። ከራሳቸው ዘር ጋር ብቻ ለሦስት ዓመታት እንዲኖሩ ሲደረግ እንኳ ምርጫቸው አልተለወጠም። ሴቶቹ ግን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ራሳቸው ዘር ተመለሱ። ማኅተሙ በሁለቱ ፆታዎች እኩል አይጠልቅም ማለት ነው።

ሌላዋ ምስክር ቴክስ የተባለች ወፍ ናት። ቴክስ ክሬን ከተባሉት ባለረጅም እግር ወፎች፣ ከሰሜን አሜሪካ ትልቁ ነጭ ክሬን ወገን ነበረች፤ ይህ ዘር በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ወደ ሃያ ገደማ ወርዶ ሊጠፋ ተቃርቦ ስለነበር እያንዳንዷ እንቁላል ዋጋ ነበራት። ቴክስን ከጫጩትነቷ በእጁ ያሳደጋት ሰው ስለነበር አድጋ ወንድ ክሬን ሲቀርብላት ዞር ብላ አላየችውም፤ የሚማርኳት ሰዎች ነበሩ። የዓለም አቀፉ ክሬን ፋውንዴሽን መሥራች ጆርጅ አርቺባልድ ዊስኮንሲን ውስጥ አጠገቧ ጎጆ ቀልሶ ዋለ አደረ። ክሬኖች ጥንድ ሲሆኑ ስለሚጨፍሩ እርሱም እጁን እያርገበገበ፣ እየዘለለ አብሯት ጨፈረ። በዚህ መንገድ እንቁላል የመጣል ስሜቷ ተቀሰቀሰ፤ የወንድ ዘር በሰው ሠራሽ መንገድ ተሰጣት፤ ከዓመታት ልፋት በኋላ በ1982 አንድ ጫጩት ተፈለፈለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ዱር የሚለቀቁ የክሬን ጫጩቶችን የሚያሳድጉ ሰዎች ነጭ ካባ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ በእጃቸው የክሬን ራስ የሚመስል አሻንጉሊት ይዘው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ይሠራሉ። ሲታይ ያስቃል፤ ምክንያቱ ግን የቴክስ ታሪክ ነው።

እንስሳ መማር የሚጀምረው ከተወለደ በኋላ ነው?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ ከመሄዱ በፊት ግን ይሰማል። አሜሪካዊው ጊልበርት ጎትሊብ የዳክዬ ልጆች እናታቸውን ሰምተው የማያውቁ ቢሆኑም ከተፈለፈሉ በኋላ የራሳቸውን ዘር እናት ጥሪ ከዶሮ ጥሪ ለይተው እንደሚመርጡ አየ። ሌላው ሰው ቢሆን «በደም የመጣ ነው» ብሎ ይዘጋው ነበር። እርሱ ግን ልጆቹ ከመፈልፈላቸው ጥቂት ቀናት በፊት እንቁላል ውስጥ ሆነው ድምፅ እንደሚያሰሙ አስተውሎ፣ አንዳንዶቹን ድምፅ እንዳያወጡ አድርጎ ለብቻቸው አቆያቸው። እነዚህ የእናታቸውን ጥሪ ከዶሮዋ መለየት አቃታቸው። «አብሮ የተወለደ» የተባለው ዕውቀት የተሠራው በቅርፊት ውስጥ በተሰማ የራስና የወንድም ድምፅ ነበር።

አጥቢዎችም ከዚህ አይርቁም። የጥድ ፍሬ እየበላች ያረገዘች ወይም ያጠባች ጥንቸል ልጆች ጡት ሲጥሉ ያንን ፍሬ ይመርጣሉ፤ ሽታው ገና በማሕፀንና በወተት ደርሷቸዋልና።

«ወሳኝ ወቅት» ሲባል ምን ማለት ነው? አንጎል ውስጥስ ምን ይሆናል?

አንጎል አንድን ዓይነት ግብዓት ጠብቆ ራሱን የሚያበጅበት የተወሰነ ጊዜ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የቀረ ነገር በኋላ በእጥፍ ቢሰጥም አይተካውም፣ ወይም በብዙ ድካም ይተካል።

ዴቪድ ሁቤልና ቶርስተን ዊዝል በ1960ዎቹ የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ሽፋሽፍቱን ሰፍተው ለተወሰነ ጊዜ ዘጉት። ሲከፈት ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ብርሃን ይገባዋል፤ ግልገሏ ግን በዚያ ዓይን አታይም። እይታን የሚያስተናግዱት የአንጎል ነርቮች ለተዘጋው ዓይን መልስ መስጠት ትተው ለክፍቱ ዓይን አድረዋል። ይህ የሚሆነው ከአራተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ወቅቱ በጋለበት ጊዜ ጥቂት ቀናት መዝጋት ይበቃል። ያደገች ድመት ዓይን ለብዙ ወራት ቢዘጋ ግን ምንም አይሆንም። ሁለቱ ሰዎች በ1981 የኖቤል ሽልማት ካገኙባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

የሚገርመው ሁለቱንም ዓይን አንድ ላይ ሲዘጉ የሆነው ነው። ይብሳል ብለው የጠበቁት ጉዳት በነርቮቹ ላይ አንዱን ብቻ የመዝጋቱን ያህል አልከፋም። ጉዳዩ የብርሃን ማነስ ብቻ ሳይሆን ሽሚያም ነበር፤ ሁለቱ ዓይኖች በአንጎል ውስጥ እንደ ድንበርተኛ ገበሬዎች ናቸው፣ አንዱ ማሳውን ትቶ ሲሄድ ሌላው አርሶ ይይዘዋል። ዛሬ አንድ ዓይኑ የደከመ ሕፃን ጤነኛው ዓይኑ በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት የሚሸፈነው፣ ዓይኑ ላይ ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃንም ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኝ የሚቸኮለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለወላጆች የምለው አንድ ነገር ቢኖር «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለውን ምክር እዚህ ላይ አለመስማት ነው።

እንስሳው ነገሩን ማየቱ ብቻ ይበቃል?

አይበቃም። ሪቻርድ ሄልድና አለን ሃይን በ1963 ያሳተሙት ሙከራ ላይ ሁለት የድመት ግልገሎች በአንድ የሚሽከረከር ምሰሶ ጫፍና ጫፍ ተደረጉ። አንዷ በእግሯ ትሄዳለች፤ ሌላዋ በቅርጫት ተቀምጣ በእርሷ እርምጃ ትዞራለች። ከዚያ ውጪ በጨለማ ስለሚቆዩ ሁለቱም የሚያዩት ግድግዳ አንድ ነው። በእግሯ የሄደችው ገደል የሚመስል ነገር ስታይ ትሸሻለች፤ ወደ ጠረጴዛ ስትወርድ እጇን ቀድማ ትዘረጋለች። ተሸክመው ያዞሯት ሁለቱንም አላደረገችም። ዓይኗ ያየውን ሰውነቷ አልሠራበትም ነበርና። ደስ የሚለው፣ በብርሃን ክፍል ውስጥ ለሁለት ቀን እንደ ልቧ እንድትሄድ ሲፈቀድላት አስተካከለች።

የወፍ ዜማስ? ወፍ ዝም ብላ አትዘምርም?

ብዙዎቹ ዘማሪ ወፎች ዜማቸውን እንደ ቋንቋ ይማሩታል፤ ዘዬም አላቸው። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያለችው ነጭ አናት ድንቢጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር በተራመዱ ቁጥር ዜማዋ ይለወጣል፤ ጆሮው የሠለጠነ ሰው የጎጃሙን ከወሎው እንደሚለይ ሁሉ የአንዷን ሠፈር በድምፅዋ ይናገራል። ፒተር ማርለር ጫጩቶቹን ለብቻ አሳድጎ፣ ዜማውን በቴፕ እያሰማ፣ የመማሪያው ወቅት ከ10ኛው እስከ 50ኛው ቀን ገደማ መሆኑን አገኘ። በዚያ ጊዜ ጫጩቷ ገና አትዘምርም፤ ሰምታ ታስቀምጣለች። ከወራት በኋላ ማንጎራጎር ስትጀምር ድምፅዋን ከተቀመጠው ጋር እያስተያየች ታስተካክላለች። በመካከል ጆሮዋ ከደነቆረ ዜማው በአእምሮዋ ቢኖርም አይወጣላትም። ምንም ሳትሰማ ያደገች ደግሞ ቅርጹ የጎደለ ደረቅ ዜማ ይዛ ትቀራለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የተስተካከለ ይሆን ነበር። ነገር ግን በ1980ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች በቴፑ ምትክ ሕያው ወፍ አስተማሪ ሲያደርጉ ጫጩቶቹ ከ50ኛው ቀን በኋላም ተማሩ፤ እንዲያውም የሌላ ዘር ዜማ ያዙ። ወቅቱን የሚዘጋው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የመምህሩም ማንነት ነው። በቴፕ የሚለኩት ነገር ሁሉ ከጎጆው ሕይወት እንደሚያንስ ይህ ካስተማረኝ ወዲህ፣ «በዚህ ቀን ያልተማረ አበቃለት» የሚል ቁጥር ሲነገረኝ እጠራጠራለሁ።

የእናት መላስ ልጅን ይለውጣል መባሉ ማጋነን አይደለም?

በአይጥ ላይ ማጋነን አይደለም። ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሚኒና ባልደረቦቹ አንዳንድ እናት አይጦች ልጆቻቸውን አብዝተው እንደሚልሱ፣ ሌሎቹ እንደሚሰስቱ አስተዋሉ። ብዙ የተላሱት አድገው ድንጋጤያቸው ቶሎ የሚበርድ ሆኑ። በዘር ነው እንዳይባል ልጆቹ ተለዋወጡ፤ ከሰሳች እናት ተወልዶ በምትልስ እናት ያደገው እንደ አሳዳጊው ሆነ። ሴቶቹ ሲወልዱም እንደተላሱት መጠን ላሱ። በ2004 ባወጡት ጥናት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው የምላስ ዳሰሳ የጭንቀት ሆርሞንን በሚቆጣጠር ጂን ላይ የተለጠፈውን ኬሚካላዊ ምልክት እንደሚለውጥ አሳዩ፤ ጂኑ ያው ነው፣ ምን ያህል ይሠራ የሚለው ይለያያል።

ይህን አንሥቶ ስለ ሰው ልጅ እናቶች ፍርድ መስጠት ግን የአይጧን ሳምንት ከሕፃኑ ዓመታት ጋር ማደባለቅ ነው።

ቡችላ በስንት ጊዜው ልውሰድ?

ከስምንት ሳምንት በፊት አይውሰዱ። በመንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡት ብዙዎቹ ገና ወር የሞላቸው ናቸው፤ ሲጫወቱ አብዝቶ መንከስ ወንድምን እንደሚያስጮህና ጨዋታውን እንደሚያፈርስ ገና አልተማሩም።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ያለው ጊዜም አይባክን። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር አሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ ለዓመታት ባደረጉት ጥናት ቡችላ ከሰውና ከአካባቢው ጋር የሚላመድበት ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ሰው ሳይነካቸው ያደጉ ቡችላዎች እንደ ዱር አውሬ ሆነው ቀሩ። እኛ ዘንድ የተለመደው ደግሞ ቡችላውን እንደ ገቡ ማሠርና «ጨካኝ ይሁን» ብሎ እንግዳ እንዳያይ ማድረግ ነው። የሚገኘው ጨካኝ ውሻ ብዙ ጊዜ ፈሪ ውሻ ነው፤ የሚነክሰውም ሌባውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ልጅ ጭምር ነው።

በእነዚያ ሳምንታት የባጃጅ ድምፅ፣ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት፣ በዱላ የሚሄድ ሽማግሌ፣ የጄኔሬተር ጩኸት፣ ድመትና በግ ይይ። በትንሽ በትንሹ ይሁን፤ ከፈራ አይግፉት። ክትባቱ ገና ካላለቀ መሬት ሳይረግጥ ታቅፈውት ይውጡ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ገደማ ነው፤ ያንን ለመጠበቅ ብሎ ሦስት ወር መዝጋት ግን አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ነው።

በጎቼ አዲስ መኖ አይበሉልኝም። ይህም ከልጅነት ነው?

ሊሆን ይችላል። ግልገል ምን እንደሚበላ የሚማረው ከእናቱ ጋር ሲግጥ ነው። ከእናታቸው ጋር ሆነው በቀን ለጥቂት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስንዴ የቀመሱ ግልገሎች ከሦስት ዓመት በኋላ እንኳ ስንዴ ሲቀርብላቸው ካልቀመሱት ይልቅ እንደሚበሉ ታይቷል። ስለዚህ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ወደፊት ሊመግቡ ካሰቡ፣ እናቲቱ ስትበላ ግልገሉ አጠገቧ ይቁም።

ሳልሞን የተባለው ዓሣ የተወለደበትን ወንዝ እንዴት ያገኛል?

ባሕር ላይ መንገዱን በሌላ መንገድ ይይዛል፤ መጨረሻ ላይ የሚለየው ግን በአፍንጫው ነው። የአርተር ሃስለር ቡድን በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ ትንንሽ ሳልሞኖችን ሞርፎሊን ከተባለ ኬሚካል ጋር አላመዳቸው። አድገው ለመራባት ሲመለሱ ተመራማሪዎቹ ያንን ኬሚካል ወደ ጨመሩበት ወንዝ ገቡ፤ ዓሦቹ ተወልደውበት የማያውቁት ወንዝ ነበር።

ወቅቱ ካለፈ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ነው?

በሩ እንደተለመደው አነጋገር ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፤ ይጠብባል። ስታንፎርድ ላይ ኤሪክ ክኑድሰን ጉጉቶችን እይታን 23 ዲግሪ ወደ ጎን የሚያዞር መነጽር አደረገላቸው። ጉጉት በጨለማ አይጥ የምትይዘው በጆሮዋ ስለሆነ ዓይንና ጆሮዋ መስማማት አለባቸው። ወጣቶቹ በሳምንታት ውስጥ አስማሙ፤ አዋቂዎቹ አልቻሉም። ነገር ግን መነጽሩ ጥቂት በጥቂት ሲጨመርላቸው ወይም ሕያው አይጥ እያደኑ እንዲበሉ ሲደረግ አዋቂዎቹም ብዙ ተማሩ። በልጅነቱ መነጽር አድርጎ የነበረ ጉጉትም አድጎ ቢደረግለት ይለምዳል፤ የድሮው መንገድ ጨርሶ አልጠፋም ነበር።

ከእኛው ምድር አንድ ልጨምር። ሃንስ ኩመር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ከ1960 ጀምሮ በኤረር ጎታ አካባቢ ሐማድርያስ ዝንጀሮዎችን አጠና። በዚህ ዘር ወንዱ ሴቶቹን ይነዳል፤ የራቀችውን አንገቷን ነክሶ ይመልሳል፤ ሴቷም ትከተለዋለች። በአዋሽ በኩል ያሉት አኑቢስ ዝንጀሮዎች ይህ ልማድ የላቸውም። ኩመርና ባልደረቦቹ አዋቂ የአኑቢስ ሴቶችን ወስደው በሐማድርያስ መንጋ ውስጥ ለቀቁ። በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ነገር አይተው የማያውቁት ሴቶች በአንድ ሰዓት ገደማ ወንዱን መከተል ተማሩ። ሁሉም ጠባይ በግልገልነት አይቆለፍም።

እነዚህ ሙከራዎች ጭካኔ አይደሉም?

አንዳንዶቹ ናቸው። የድመቶቹ ሥራ የብዙ ሕፃናትን ዓይን አድኗል ብዬ አምናለሁ። አሜሪካዊው ሃሪ ሃርሎ በ1950ዎቹና ከዚያም በኋላ ሬሰስ የተባሉ ጦጣዎችን ልጆች ከእናት ለይቶ ያደረጋቸው ሙከራዎች ግን ከተወሰነ ደረጃ በኋላ የሚታወቀውን ደግሞ ከማሳየት ያለፈ ጥቅም አልታየኝም።

እናቱ የሞተችበትን ጥጃ በጡጦ አሳደግሁት። እንደ ልጅ ይከተለኝ ነበር፤ አሁን ወይፈን ሆኖ ይወጋኛል። ምን ነካው?

ምንም አልነካውም። ያሳደጉት እርስዎ ስለሆኑ ወገኑ አድርጎ ቆጥሮዎታል፤ ኮርማ ደግሞ ቀንዱን የሚሞክረው በወገኑ ላይ ነው። ከሌሎች ከብቶች ጋር ያደገ ወይፈን ሰውን ከሩቅ ስለሚያይ ይጠነቀቃል፤ የእርስዎ ግን ያንን ፍርሃት የሚማርበት ጊዜ አልነበረውም። ለብቻቸው ታስረው በእጅ የተመገቡ ኮርማዎች በቡድን ካደጉት ይልቅ በሰው ላይ ኃይለኛ እንደሚሆኑ በሄርፎርድ ዝርያ ከብቶች ላይ ተፈትኖ ታይቷል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ጡጦውን ይስጡት፣ ከዚያ ወዲያው ከሌሎች ጥጆች ጋር ይቀላቅሉት፤ ግንባሩን እየገፉ አያጫውቱት። ለአሁኑ ግን ለዘር የማይፈልጉት ከሆነ ያስኮላሹት፣ እስከዚያም ጀርባዎን አይስጡት።